ግዳይ፣ በክት፣ አዝመራ

የሰው ልጅ ከሚገድለው እንስሳ ጋር ያለውን ግንኙነት ለመረዳት የሚሻ ሁሉ፣ መሣሪያውን ከመመርመሩ በፊት ቃሉን ቢመረምር ይበጀዋል። ጦር፣ ቀስት፣ ወንጭፍ፣ ጠመንጃ በየዘመኑ ተፈራርቀዋል፤ የሚገድለው ክንድ ግን ያው ሥጋና አጥንት ነው። ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን የማይመሳሰለው ገዳዩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ የሚናገረው ቃል ነው። አንዱ «ገደልሁ» ብሎ ይፎክራል፤ ሌላው «ቀናኝ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ አንዳች ሳይናገር ከረጢቱን ያራግፋል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ይኸውም፣ ግድያ ስሙ ሲለወጥ ግብሩ አብሮ ይለወጣልን? ገዳዩስ ከኀላፊነቱ የሚቀነስለት ነገር አለን? የሚለው ነው። ጥያቄውን በአንበሳና በዝሆን ላይ ማንሣት በተቻለ ነበር። ነገር ግን ትልቅ አውሬ ትልቅ ቃል ያስነሣል፤ ትልቅ ቃል ደግሞ ነገሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሆን ብዬ አንዲት ትንሽ ፍጥረት መርጫለሁ፤ ርግብን።

በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ነሐሴ 26 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ ቅዳሜ ዋለ። ዕለቱ በዚያ አካባቢ የርግብ አደን የሚከፈትበት ነው። የአክስቴ ልጅ ከአንድ አዛውንት ፈረንጅ ገበሬ ጋር ተወዳጅቶ በየዓመቱ አብሯቸው ይወጣ ኖሯል። «ጋሼ፣ ዛሬስ የፈረንጅን ግዳይ ላሳይዎት» ብሎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ።

የደረስንበት ማሳ የሱፍ አበባ ተዘርቶበት ከደረሰ በኋላ ጥቂት ጥቂቱ ረድፍ በማሽን ታጭዶ ፍሬው ከመሬት የፈሰሰበት ነበር። በአንድ ወገን የከብት ማጠጫ ኩሬ አለ፤ በሌላው ወገን የደረቁ ዛፎችና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይታያሉ። አዛውንቱ ለእንግዳነቴ አዝነው አደኑን ከሥሩ ጀምረው አስረዱኝ። የአክስቴ ልጅ ያስተረጉማል። ርግብን ማደን ማለት የርግብን የቀን ውሎ ማወቅ ማለት ነው አሉኝ። ጎሕ ሲቀድ ከማደሪያዋ ተነሥታ ወደ እህል ትሄዳለች። ቀትር ላይ ጥላ ትፈልጋለች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትበላለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃ ትጠጣና ወደ ማደሪያዋ ትገባለች። ውኃውም ዳር ዳሩ ሣር ያልዋጠው፣ ገላጣ ሊሆን ይገባል፤ በእግሯ ስትቀርብ ጠላቷን ከሩቅ ማየት ትሻለችና። እንግዲህ አዳኙ ወፊቱን እየተከተለ አይንከራተትም። የዛፍ ረድፍ የሚያልቅበትን፣ አጥርና አጥር የሚገናኙበትን፣ ከሩቅ ጎልቶ የሚታይ አንድ ደረቅ ዛፍ ያለበትን ቦታ ይመርጥና ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል። በሰማይ ላይ መንገድ የለም ብለን የምናስብ ሁሉ ተሳስተናል፤ ርግብ እነዚህን ምልክቶች ተከትላ በየዕለቱ በዚያው መንገድ ትመላለሳለች።

ልብሱ የአፈርና የደረቀ ቅጠል ቀለም ያለው መሆን ይገባዋል። ከልብሱ ይልቅ ግን አለመነቃነቅ ይበልጣል። ጠመንጃው ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ የሚበትን ዓይነት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ሕጉ ያዛል። አዲስ አዳኝ የሚስተው ወፊቱ ያለችበትን ቦታ ስለሚተኩስ ነው፤ መተኮስ ያለበት ግን የምትደርስበትን ቦታ ነው። አፈ ሙዙን ከጭራዋ ኋላ አስነሥቶ፣ በአካሏ ላይ አሳልፎ፣ ቀድሟት ሄዶ፣ ክንዱ ሳይቆም ቃታውን መሳብ አለበት። ክንዱ ከቆመ ጥይቱ ባዶ ሰማይ ይመታል፤ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የምትበር ወፍ ናትና። ለአንዲት ርግብ አምስትና ስድስት ጥይት ቢባክን የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ከዛፍ ጫፍ ዝቅ ብላ የምታልፈዋን መተኮስ ነው፤ ከማዶ ሰው ተቀምጧልና።

እኔ የአደን ፈቃድ ስላልነበረኝ ጠመንጃ አልያዝሁም። የተሰጠኝ ሥራ በሌላው ማሳ ላይ ውሻ የሚሠራው ሥራ ነበር። ርግቧ ስትወድቅ ዓይንን ሳይነቅሉ ከወደቀችበት ማዶ ያለ አንድ ምልክት መያዝ፣ ከዚያም ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይሉ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። አመድማ ቡናማ ቀለሟ ከአፈሩ ጋር ስለሚመሳሰል፣ አንድ ጊዜ ዓይን የዘነጋት እንደሆነ ከእግር ሥር ብትሆንም አትታይም። አዛውንቱ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነበሩ። የወደቀችው ሳትገኝ ሌላ አይተኩሱም። ፈልገው ያጧትንም ከተፈቀደላቸው ቁጥር ላይ ይደምሯታል። የተፈቀደው ለአንድ ሰው በቀን አሥራ አምስት ነው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ሰማዩ ጸጥ አለ። አዛውንቱ ከረጢታቸውን እየነካኩ አንድ ነገር ጠየቁ። የአክስቴ ልጅ ሳቅ አለና «አዝመራችን ስንት ደረሰ ነው የሚሉት» አለኝ።

«የቱ አዝመራ? የሱፍ አበባው?»

«የለም ጋሼ፣ የተገደሉትን ነው። ‹የተገደሉ› አይሉም። በመንግሥቱ የአደን ደንብ ላይም የተጻፈው እንዲሁ ነው፤ አዝመራ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ተውኔት በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ቃል ሲሰማ አፉን የሚያየው ከልማድ የተነሣ ነው፤ የአዛውንቱ አፍ ቃሉን ሲናገር የሚደብቀው ነገር ያለው አይመስልም ነበር።

የቃሉን ሥር ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ቀድሞ «ተጓዥ ርግብ» የሚባል ዘር ነበረ። ቁጥሩ ከሦስት እስከ አምስት ቢሊዮን ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ሠዓሊውና የአእዋፍ ተመራማሪው ጆን ጄምስ ኦዱቦን እ.ኤ.አ. በ1813 በኬንታኪ ያየው መንጋ የቀትሩን ፀሐይ ጋርዶ ለሦስት ቀናት ሲያልፍ እንደሰነበተ ጽፏል። ይህ ሁሉ ነፍስ በመቶ ዓመት ውስጥ አለቀ። የጨረሰው ክፋት አልነበረም፤ ገበያ ነበር። የቴሌግራፍ ሽቦ መንጋው ያረፈበትን ጫካ ለነጋዴው ይነግራል፤ ባቡር አዳኙን ያመጣል፤ ያው ባቡር በበርሜል የታሸገውን ርግብ ወደ ታላላቅ ከተሞች ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1878 በሚቺጋን፣ በፔቶስኪ አጠገብ በነበረው የመራቢያ ሥፍራ ግድያው ለሳምንታት አላቋረጠም። መንጋውን ለማታለል የአንዲቱን ርግብ ዐይን ሰፍተው በትንሽ መቀመጫ ላይ ያስሯት ነበር፤ ክንፏን ስታራግብ ከላይ ለሚያልፉት «እዚህ እህል አለ» ያለች ይመስላል። የዘሩ መጨረሻ የሆነችው «ማርታ» የተባለች እንስት በሲንሲናቲ የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ሞተች፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914። በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1906 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አደኑ የሚከፈትበት ቀን የማርታ ሙት ዓመት ነው ማለት ነው። በዚያ ማሳ ላይ ይህን ያነሣ አልነበረም፤ እኔም ያወቅሁት ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ነው።

«አዝመራ» የሚለው አነጋገር የጎለበተው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ስለ ካናዳ ከብሪታንያ ጋር ስለ ተሰዳጅ አእዋፍ ውል ገባች፤ በ1918 ውሉን የሚያስፈጽም ሕግ ወጣ፤ በ1936 ከሜክሲኮ ጋር ተመሳሳይ ውል ተፈረመ። በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ግብር የሚገኘው ገንዘብ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ። የዱር እንስሳት አያያዝን እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ የመሠረተው አልዶ ሊዮፖልድ በ1933 ባሳተመው መጽሐፉ የአደን እንስሳ መሬት በየዓመቱ የምትሰጠው ሰብል መሆኑን፣ ሰብሉም ሳይቋረጥ እንዲገኝ መሬቷን መንከባከብ እንደሚገባ አስተማረ። ስለዚህ ቃሉ የተወለደው ግድያን ለመሸፈን ብቻ አይደለም። የገበሬ ቃል ነው፤ ገበሬ ደግሞ የቱንም ያህል ቢርበው ዘር ያስቀራል። ተጓዥ ርግብን የፈጁት ሰዎች ዘር የሚያስቀር ቃል አልነበራቸውም።

በቁጥር ረገድ በአዛውንቱ ላይ የማቀርበው ክስ የለኝም። ያን ዕለት የታደነችው በድምፅዋ ምክንያት «አልቃሽ ርግብ» የምትባለው ነች። በአሜሪካ በመቶ ሚሊዮኖች ትቆጠራለች። በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት አገር ይህንኑ በዓመት እስከ አምስትና ስድስት ጊዜ ትደጋግመዋለች። ሰው ቢያድናትም ባያድናትም ከመንጋው ከግማሽ የሚበልጠው ዓመቱን አይደግምም፤ ብርድ፣ ጭልፊት፣ ድመትና በሽታ ይወስዱታል። ሕጉም ቢሆን ረቂቅ ነው። በማሳው ላይ እህል በትኖ ርግብን አስጎምጅቶ መተኮስ ወንጀል ነው፤ የተዘራ እህል ታጭዶ የፈሰሰውን ስትለቅም መተኮስ ግን ይፈቀዳል። ከገዛ አገዳዋ የወደቀች ፍሬ ንጹሕ ነች፣ ከሰው እጅ የወደቀች ፍሬ ወጥመድ ነች ማለት ነው። (ከዚሁ ሕግ አንድ ሌላ ነገርም አስገርሞኛል። በአንገቷ ላይ ጥቁር ቀለበት ያላት፣ ከባሕር ማዶ የመጣች የርግብ ዘር አለች፤ እርሷን ለመግደል በቴክሳስ የቁጥር ገደብ የለም። የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ የመጤ ነገር እዚህም እንዲሁ ነው» ብሎ ያን ዕለት ሙሉ በዚሁ ሲቀልድ ዋለ።)

እንግዲያ ክሴ ምንድን ነው? እህል ሲታጨድ አይሸሽም። የታጨደች የጤፍ ዘለላ በጎጆዋ የሚጠብቃት ጫጩት የላትም። አልቃሽ ርግቦች ግን በሴፕቴምበር ወር ጫጩት የሚያሳድጉ ጥቂቶች አይጠፉባቸውም፤ እናትም አባትም ከጉሯቸው ከረጢት የሚፈልቅ ወተት መሰል ምግብ እያፈለቁ ነው የሚያጠቡት። አዝመራ የሚለው ቃል ስለ መንጋው እውነቱን ይናገራል፤ ስለ አንዲቱ ወፍ ግን ምንም አይልም። ከሰማይ የምትወድቀው ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ነች።

ወደ ራሳችን ቃላት እንመለስ። አማርኛ ግድያን የሚሸፍን ቋንቋ አይደለም ብለን የምንመካ ከሆነ ጥቂት እንቆይ። «ግዳይ» የሚለው ቃል ከፍ ያለ ቃል ነው። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ የጣለ ሰው ግዳይ ጥሏል ይባልለት ነበር፤ ራሱ ቅቤ ይቀባል፤ ፎክሮ ይገባል፤ ሴቱ እልል ይልለታል። ይህ ቃል ሟቹን አይሰውርም፤ ይልቁንም ሟቹን ያገንናል፤ አንበሳው ሲገንን ገዳዩ አብሮ ስለሚገንን። ሆኖም ለርግብ አይሠራም። ርግብ ገድሎ የሚፎክር ሰው ቢኖር መንደሩ በሳቅ ይሞታል። ከዚህም አልፎ ርግብ በእኛ ዘንድ የኖኅ መልእክተኛ፣ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ፣ በዘፈንና በደብዳቤ የወዳጅ መጠሪያ ነች። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ የሚሰፍሩትን፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያላቸውን የአገራችንን ርግቦች ወጥመድ ሲጠምድባቸው የታየ ሰው የለም። ርግብን ከመግደል የሚጠብቃት ይህ ክብር ነው። ነገር ግን ክብሩ ለርግብ እንጂ ለወፍ ሁሉ አልተዳረሰም፤ የሠፈር ልጅ የሚገድላትን ድንቢጥ የሚቆጥርላት የለም።

ሁለተኛው ቃላችን «በክት» ነው። ስለዚህ ቃል ሳስብ የማስታውሰው አያቴን ነው።

ልጅ ሳለሁ በይፋት ቆላ፣ የአያቴን ማሽላ ለመጠበቅ ማማ ላይ ወጥቼ እውል ነበር። ጠላታችን ግሪሳ ነበር፤ እንደ ደመና መጥቶ የዓመቱን ልፋት በግማሽ ቀን የሚያራግፍ ወፍ ነው። መሣሪያዬ ወንጭፍና ጅራፍ፣ ከሁሉም በላይ ጉሮሮዬ ነበር። አንድ ቀን ግሪሳው ሳይመጣ ቀረ፤ እኔም ሰልችቶኝ ከማማው ሥር አንዲት ዋኖስ ስትለቅም አየሁ። ወነጨፍሁ። ሳልሞ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ይመታል ብዬ ግን አላሰብሁም። መታ። በሩጫ ወርጄ አንሥቼ፣ ልቤ በኩራት እየዘለለ ለአያቴ ወሰድሁላት።

«ታርዳለች ወይስ ሞታለች?» አለችኝ።

«ሞታለች፣ እምዬ።»

«እንግዲያ በክት ነች። ውሻም እንዳይበላት ቅበራት።» ከዚያም ወደ ሥራዋ ዞር እንዳለች «ዋኖስ የወደቀውን ነው የምትለቅም፤ ከዘለላው አትደርስም። ለማን ብለህ ገደልሃት?» አለችኝ።

ለጥያቄዋ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ቀበርኋት። እንደሚታወቀው በእኛ ልማድ ሥጋ የሚበላው በስመ አብ ተብሎ ሲታረድ ነው፤ በእስላም ወገኖቻችንም ዘንድ ቢስሚላህ ሳይባልበት አይበላም። ያልታረደ ሁሉ በክት ነው። ስለዚህ የጥንቱ አዳኝ ድኩላ ወይም ሚዳቋ ሲመታ ቢላዋ መዝዞ የሚሮጠው ነፍሷ ሳትወጣ ሊደርስባት ነው። ሥርዓቱን የሃይማኖት ሰዎች በራሳቸው መንገድ ይተረጉሙታል። እኔ ከሥነ ምግባር አንጻር የማየው አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ ገዳዩን ወደ ሟቹ ያቀርበዋል። ከሩቅ የገደለ ሰው አጠገቧ ሄዶ፣ በእጁ ይዟት፣ ስም ጠርቶ መጨረስ አለበት። ይህን ካላደረገ ሥጋው አይገባውም።

ይሁንና ይህንንም ቃል አላስመካበትም። ዶሮ ለማረድ ወንድ ፍለጋ ቢላዋና ዶሮ ይዛ ከደጅ የምትቆም እናት በልጅነታችን ያላየን ማን ነው? ዛሬ በከተማ ያ ትዕይንት ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ነው። ዶሮዋ ተበልታ፣ በላስቲክ ታሽጋ፣ በረዶ ሆና ትሸጣለች፤ የሚቀረን አሥራ ሁለት ብልት መቁጠር ብቻ ነው። ዶሮ ወጥ እየበላን የርግብ አዳኙን ብንነቅፍ፣ ነቀፋችን ለርግብ ከማዘን የመጣ ሳይሆን እጃችን ንጹሕ መስሎ ከመታየቱ የመጣ ነው።

ይባስ ብሎ እኛ ደራሲዎች አለን። ከዓመታት በፊት በጻፍሁት አንድ ታሪካዊ ተውኔት ውስጥ አንድ የጦር አለቃ ስለ ጠላት ወታደሮች ሲናገር «እንደ ጤፍ አጨድናቸው» እንዲል አድርጌአለሁ። ተመልካቹ አጨበጨበ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ደስ አለኝ። ጥይት አጨዳቸው፣ እንደ ቅጠል ረገፉ፣ እንደ ገለባ ነደዱ የሚሉትን አነጋገሮች የፈጠራቸው ፈረንጅ አይደለም፤ በሽለላችን፣ በታሪክ መጻሕፍታችን፣ በመድረካችን ሞልተዋል። አዛውንቱ ለርግብ የሚናገሩትን እኛ ለሰው ተናግረነዋል። ለዚህ ነው በዚያ ማሳ ላይ «አዝመራ» ሲባል ስሰማ የደነገጥሁት፤ የሰማሁት የራሴን ቃለ ተውኔት ነበር። መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን አነጋገር በክፍል ውስጥ «ዘይቤ» ብላችሁ ስታስተምሩ፣ ዘይቤው የሚያሳምረውን ብቻ ሳይሆን የሚያጠፋውንም ብትጠይቁ መልካም ይመስለኛል።

ስፔናዊው ፈላስፋ ሆዜ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት ስለ አደን ባሰበው ሐሳቡ አዳኝ የሚያድነው ለመግደል እንዳልሆነ፣ ይልቁንም አድኛለሁ ለማለት እንዲችል እንደሚገድል ይከራከራል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ በማለዳ ማሳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ እውነት ይመስላል። ጎሕ ሲቀድ፣ የመጀመሪያዎቹ ርግቦች ክንፍ ሲያፏጭ፣ ሰው ሁለመናው ጆሮና ዓይን ይሆናል፤ እኔ ጠመንጃ ሳልይዝ እንኳ እንዲህ ያለ ንቃት ከተውኔት ልምምድ በቀር በሌላ ሥፍራ አላገኘሁም። ነገር ግን ኦርቴጋ የሚናገረው ስለ አዳኙ ነው። ከኦርቴጋ አዳኝና ከአያቴ ጥያቄ አንዱን ምረጥ ብባል አያቴን እመርጣለሁ፤ እርሷ የጠየቀችው ምን ተሰማህ ብላ አይደለም፤ ለማን ብለህ ብላ ነው።

ከዚህ ላይ እስካሁን ያቆየሁትን ነገር መናገር ይገባኛል።

ከሰዓት በኋላ ርግቦቹ ወደ ኩሬው መምጣት ጀመሩ። አዛውንቱ አሥራ አራት አግኝተው ነበር። አንዲት በግራ በኩል መጣች፤ ተኮሱ፤ ላባዋ በነ፤ እየተንሳፈፈች ከኩሬው ማዶ ካለው ረጅም ሣር ውስጥ ወረደች። «አየሃት?» ሲሉ በእጅ ምልክት ጠየቁኝ። አይቻት ነበር። ቀጥ ብዬ ሄድሁ። በወረደችበት ቦታ አገኘኋት። አልሞተችም። አንድ ክንፏ ተሰብሮ ተዘርግቷል፤ በሌላው መሬቱን እየመታች ትሽከረከራለች፤ ጥቁር ዓይኗ ወደ እኔ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠዋት ተነግሮኛል። አንገቷን በሁለት ጣት ይዞ በፍጥነት መሳብ ነው፤ ከቅጽበት አይበልጥም። እጄን ዘረጋሁ፤ ላባዋን ነካሁ፤ ሙቀቷን ተሰማኝ፤ እጄን ሰበሰብሁ። እንደገና ዘረጋሁ። ከዚያም ተነሥቼ ወደ ጎን ሄድሁና የምፈልግ መስዬ ሣሩን ስገላልጥ ቆየሁ። ከማዶ ሲጠሩኝ «አላገኘሁም» ብዬ ጮኽሁ።

አዛውንቱ በጉልበታቸው ሕመም እያነከሱ ኩሬውን ዞረው መጡና ከእኔ ጋር ፈለጉ። እኔ ያሳየኋቸው ቦታ ግን እርሷ ያለችበት አልነበረም። ከዚያም ጥይታቸውን ከጠመንጃው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። አሥራ አምስተኛዋ ያቺ ነበረች።

ርኅራኄ ያልሁት ነገር ምን ሠራ? አንዲት ወፍ ሌሊቱን በሣር ውስጥ እንድታጣጥር አደረገ። አንድ ሽማግሌ በከንቱ አደከመ። አዝመራ ባዩ ሰው ለእያንዳንዷ ወፍ ተጠያቂ ሆኖ ሲገኝ፣ በቃሉ የተሳቀቀው ደራሲ ከአንዲቱም ሸሸ። ቃል ግብርን ይሸፍናል የሚለው መነሻዬ እውነት ነው። ነገር ግን የቃል ንጽሕናም መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት አልገባኝም ነበር። የአክስቴ ልጅ ቢያየኝ ኖሮ ምን ይል ይሆን ብዬ አስባለሁ። አላየኝም።

ማታ በአዛውንቱ ግቢ ምግብ ተሰናዳ። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ርግቦቹ ከማሳው ጀምሮ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ላባቸው በጣት ብቻ ይለቃል። የሚጣደፍ ሰው አውራ ጣቱን ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ይስባል፤ ደረቱ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሌላው ይጣላል። አዛውንቱ ይህን አይወዱም። አብዛኞቹን ሙሉ ለሙሉ ነጭተው፣ ደረቱን ለይተው፣ እግሩንና ጀርባውን ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ለመረቅ ጣዱት። ደረቱን ጥቂት ጊዜ በጨው ውኃ ዘፈዘፉት፤ በውስጡ የቀረውን የእርሳስ ፍሬ በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ በቢላዋ ጫፍ ያወጡ ነበር፤ ጥርስ ይሰብራልና። የእርሳቸው አሠራር በደረቱ መካከል ቃሪያና አይብ አኑሮ በስሱ በተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ጠቅልሎ በከሰል ፍም ላይ መጥበስ ነው። እኛ አሳማ ስለማንበላ የአክስቴ ልጅ የራሱን ድርሻ ለየ። ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልፍሎ፣ መጥበሻውን እስኪጨስ አግሎ፣ በቅቤ፣ በቀይ ሽንኩርትና ከአገር ቤት በተላከለት የጥብስ ቅጠል ፈጥኖ አገላበጠው። የርግብ ደረት እንደ ጉበት የጠቆረ ነው፤ እሳቱ ከበዛበት ጉበት ጉበት ይላል፣ ይደርቃልም። መካከሉ ገና ቀላ እንዳለ ማውረድ ነው። ሚጥሚጣ ከጎኑ አስቀመጠልኝ።

በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ያልታረደ መሆኑን እያወቅሁ፣ የአያቴ ቃል በጆሮዬ እያለ በላሁ፤ ያቺ ከሣሩ ውስጥ ያለችውም በጆሮዬ ነበረች። ሁለቱም እጄን አልከለከሉኝም።

ከእራት በኋላ አዛውንቱ ጠርዙ የተበላ አንድ ደብተር አውጥተው በእርሳስ ጻፉ። በየዓመቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚመዘግቡበት ነው አለኝ የአክስቴ ልጅ። የዕለቱን ነፋስ፣ የተተኮሰውን ጥይት፣ የተገኘውንና የጠፋውን ቁጥር ይጽፋሉ። የዛሬውን አንብብልኝ አልሁት። ጎንበስ ብሎ አነበበ። አሥራ አራት ይላል፤ ከዚያም በሌላ ዐምድ ውስጥ «አንድ፣ አልተገኘችም» ይላል። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝና፣ በትክክል መጻፋቸውን ለማረጋገጥ ያህል፣ ጣታቸውን በዐምዱ ላይ አድርገው ጠበቁ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።